የግብር ባለሙያ (ልደታ)

የነጋዴን ሒሳብ የሚዘጋ፣ የግብር ዲክላሬሽን የሚሞላ፣ ዕዳ ሲመጣም ቅሬታ የሚጽፍ ባለሙያ ነው። በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ ሥራው የሚጦፈው ከሐምሌ 1 ጀምሮ ነው። ደንበኛው ደረሰኙን በፌስታል አጭቆ ይመጣል። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት ስለሚታተም ቶሎ ይደበዝዛል፤ ጠንቃቃ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ኮፒ ያስነሳዋል።

በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የታክስ ወኪል ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሒሳብ ባለሙያዎችን የሚመዘግበው ደግሞ የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ፈቃዱን ሳያዩ ማኅተምና የይለፍ ቃል ማስረከብ አይገባም። «ውስጥ ሰው አለኝ፣ ዕዳውን አስቀንሳለሁ» ከሚል ሰው መሸሽ ነው፤ ለዕዳው ተጠያቂው ነጋዴው ራሱ ነውና።

ታማኝ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው የውሳኔው ማስታወቂያ የደረሰበትን ቀን ነው። በአዋጁ ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ የሚባለው በ30 ቀን፣ ክርክር ከተነሳበት ታክስ 50 በመቶ ተከፍሎ ነው። ዕዳውን ያመነ ሰው የክፍያ ጊዜ እንዲራዘምለት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ ወለዱ ግን ከመጀመሪያው የመክፈያ ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።