የመተማው ድንኳን እና ያልተሠራው ድራማ

መተማ ሲነሳ ቀድሞ ዓይን ላይ የሚመጣው ጦር ሜዳው ነው። መጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ የደርቡሽ ምሽግ፣ ነጋሪት፣ አቧራ፣ ከዚያ ንጉሠ ነገሥቱን ያገኘች ጥይት። ፊልም ይሠራበት ቢባል ደግሞ ወዲያው የሚቆጠረው ፈረስና ሰው ነው። ስንት ሺህ ሰው? በስንት ብር? ሂሳቡ አልወጣ ይልና ወሬው እዚያው ይቀራል።

የዚያን ቀን ዋናው ነገር የሆነው ግን ሜዳው ላይ አይደለም። ድንኳን ውስጥ ነው።

ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደር ገብተው ከተማዋን አቃጥለዋል። አጼ ዮሐንስ አራተኛ በምጽዋ በኩል ጣሊያን እየገፋ፣ ከጀርባ ደግሞ የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት እያሳሰቧቸው ወደ መተማ ወረዱ። ጦራቸው ምሽጉን ጥሶ ገብቶ ነበር። ንጉሡ ሲቆስሉና ወደ ድንኳናቸው ሲወሰዱ ግን የተያዘው ድል ተለቀቀ። አልጋ ይወርሳል የተባለው ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ ቀደም ብሎ በ1880 ዓ.ም. ሞቷል። በሞት አፋፍ ላይ ያሉት ንጉሥ እስከዚያች ሰዓት የወንድማቸው ልጅ ተብሎ ይታወቅ የነበረውን መንገሻን ከአብራካቸው የተገኘ ልጃቸው መሆኑን ተናዘዙ። ወራሻቸውም እሱ ነው አሉ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንድ ወጣት አባቱ ሊሞት ሰዓታት ሲቀሩት አባቱ ማን እንደሆነ በመኳንንቱ ፊት ይነገረዋል። በዚያው አፍታ ዘውድ ይሰጠዋል። ዘውዱን የሚያስከብርለት ሠራዊት ግን ከድንኳኑ ውጭ እየተበተነ ነው። ደስ ይበለው? ያልቅስ? እስከ ዛሬ ለምን ደበቃችሁኝ ይበል? የሚጠየቀው ሰውዬ እየሞተ ነው።

በሲኒማ ቋንቋ ድራማ የሚባለው ይኸው ነው። በእኛ አገር ቃሉ ትንሽ ተደባልቋል። «ድራማ» ሲባል ማታ ማታ በቴሌቪዥን በክፍል በክፍል የሚታየው ተከታታይ ነው ትዝ የሚለን፤ ፖስተር ላይ «ቤተሰባዊ ድራማ» ተብሎ ሲጻፍም ብዙውን ጊዜ ለቅሶ አለበት ማለት ብቻ ነው። ዘውጉ ግን የራሱ ሕግ አለው። የጦርነት ፊልም ማን አሸነፈ ብሎ ይጠይቃል። ድራማ ያ ነገር ከሆነ በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ሰዎች እንዴት አብረው ይቀመጣሉ ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ሰው ይቀንሳል፣ ቦታ ያጠባል፣ ጊዜ ይሰጣል።

አቀራረጹም ከዚሁ ይመነጫል። ንጉሡ ሲናዘዙ ካሜራው የት ይሁን? ጀማሪ ዳይሬክተር ተናጋሪው ላይ ይተክለዋል። ነገሩን የሚያውቅ ግን ሰሚው ላይ ያቆየዋል፤ ድምፁ ከውጭ ይመጣል፣ የምናየው የመንገሻን ፊት ነው። ከዚያ ደግሞ የመኳንንቱን ፊት፦ ማን አመነ፣ ማን አላመነም፣ ማን በልቡ መንገዱን ወደ ምኒልክ አደረገ። ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ እ.ኤ.አ. በ1953 በሠራው «ቶኪዮ ስቶሪ» ካሜራውን መሬት ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ዝቅ አድርጎ ነው ቤተሰብን የሚያየው። መሬት ላይ ለተነጠፈ የቁስለኛ ንጉሥ መኝታ ከዚህ የተሻለ ቁመት ማሰብ ይከብዳል። ሙዚቃም አያስፈልግም። ከውጭ የፈረስ ኮቴና የሽሽት ጫጫታ ከተሰማ ጦርነቱን አንድም ፈረስ ሳይታይ አስገብተነዋል። በጀት የለም ለሚለውም መልሱ እዚህ ላይ አለ።

የመንገሻ ታሪክ ሁለተኛ ትዕይንትም አለው። ምኒልክ ነገሡ። መንገሻ ትግራይ ላይ ቆይቶ በ1886 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባና ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ምኒልክ ፊት ተንበረከከ። በድንኳኑ ውስጥ የተነገረው ቃል ዋጋው ምን ያህል እንደነበረ ከዚህ ድንጋይ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም። በአድዋ ከምኒልክ ጋር ተዋጋ፣ ኋላ አመፀ፣ ታሰረ፣ እስረኛ ሆኖ ሞተ።

የሚገርመው የኢትዮጵያ ሲኒማ ሲጀመር የጠየቀው ጥያቄ ይኸው መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ተብሎ የሚጠቀሰው፣ በ1957 ዓ.ም. የወጣው ጥቁርና ነጭ ፊልም ስሙ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ነው። ድራማችን ሀ ያለው በአባት ጥያቄ ነበር።

ከዚያ ጎንደሬው ኃይሌ ገሪማ መጣ። ንጉሡ ሊወርዱ ጫፍ ላይ በደረሱበት በ1966 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ተማሪ ሆኖ ሳለ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ተዋንያኑ በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 በ«ብስክሌት ሌቦች» የፋብሪካ ሠራተኛን መሪ ተዋናይ እንዳደረገው፣ ኃይሌም መድረክ ያላበላሸውን ፊት ፈለገ። ገበሬው ሲያርስ ካሜራው አይቸኩልም፤ ተመልካቹ እስኪደክመው ድረስ ይጠብቃል። ድካሙን በወሬ ከመንገር አብሮ ማድከም መረጠ። ብዙ ሰው ይህን ፊልም «ቀርፋፋ ነው» ብሎ ይተወዋል፤ ቀርፋፋነቱ ሥራው መሆኑን ሳያስተውል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የቪዲዮና የዲጂታል ካሜራ ሲረክስ ፊልም በዛ፣ ሰልፉም በሲኒማ ቤቶቹ ደጃፍ ረዘመ። ድራማው ግን ሳሎን ገባ። ቪላ፣ ሶፋ፣ የታመመች እናት፣ ከውጭ የመጣ ፍቅረኛ። ተዋንያኑ ከቴአትር ቤት ስለመጡ ድምፃቸው ለመጨረሻው ወንበር የተቃኘ ነው፤ ካሜራው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ይጮኹበታል። ዝም የሚባልበት ቦታ ሁሉ በፒያኖ ተሞላ። ጥሩ ሥራ አልነበረም ለማለት አይደለም። ግን አገሪቱ ከሳሎኑ መስኮት ውጭ ቀረች፤ የምዕራብ ጎንደር ቆላማ ጭራሽ አልታየም።

ወደ መተማ ቆላ የቀረቡት ፊልሞች ሦስት ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሦስቱም ግን ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ወሰደ፤ በማግስቱ ዓመት በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ዋናውን ሽልማት አገኘ። ጀርመን ሕክምና የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ እናቱ መንደር ጣና ዳር ይመለሳል። ኃይሌ እዚህ ላይ ትዝታን እንደ ጌጥ አልተጠቀመበትም። ሰውየው የሆነበትን አያስታውስም፤ ትዝታው ሲሰባበር ፊልሙም ይሰባበራል፤ እኛም ቁራጩን ከእሱ ጋር እንለቅማለን። ወጣቶች ከደርግ አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ይደበቃሉ። ከዚያ ዋሻ ወደ ምዕራብ ቁልቁል የሚወስደው መንገድ ሱዳን ነው የሚያደርሰው። ፊልሙ ግን ወደዚያ አይወርድም።

ሁለተኛው የሮማኒያ ተወላጁ ራዱ ሚሃይሌአኑ እ.ኤ.አ. በ2005 በፈረንሳይ የሠራው፣ ስሙ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደማለት የሆነ ፊልም ነው። ከ1977 ዓ.ም. ዘመቻ ይነሳል፦ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደር መንደሮች በእግራቸው ቆላውን አቋርጠው ሱዳን የገቡበት፣ ከዚያ በድብቅ በአውሮፕላን የተወሰዱበት ጊዜ። በመንገድና በካምፕ ወደ 4 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ፊልሙ ላይ አንዲት ክርስቲያን እናት ልጇን ለማዳን ልጇ የሞተባት ቤተ እስራኤላዊት እጅ ላይ ትሰጠዋለች። ልጁ በሌላ ሰው ልጅ ስም ይኖራል። አሁንም የእናት የአባት ጥያቄ! አንዱን ልጅ ሦስት ተዋንያን በሦስት ዕድሜ ተጫውተውታል፤ ፊቱ ይለወጣል፣ የደበቀው ነገር ግን ያው ነው። እስራኤል ሲደርስ ገላውን ሲታጠብ ውኃው በቱቦ ሲወርድ አይቶ እንዳይባክን ሊያስቆመው ይታገላል። ስለ ድርቅና ስለ መንገዱ አንድ ቃል ሳይወራ ሁሉም ነገር በዚያች ቅጽበት ተነገረ።

ቢሆንም ፊልሙ የሚጀምረው ሱዳን ካምፕ ውስጥ ነው። እግር ጉዞው ተዘሏል። ድራማ መዝለል ያውቃል፤ ዓመታትን በአንድ ቅንጥብ ማለፍ ከሙያው ትልልቅ መሣሪያዎች አንዱ ነው። ግን ምን እንደተዘለለ ማየት ያስፈልጋል። ለዓለም ሲኒማ መተማና ሽንፋ በሁለት ትዕይንቶች መካከል ያለ ክፍተት ናቸው።

ሦስተኛው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም፣ በጉ ቹኒ፣ ዘመድ ቤት፣ ምግብ መሥራት የሚወድ ወንድ ልጅ። ትንሽ ነገር፣ ትልቅ ሐዘን። እሱ ግን የደጋ ፊልም ነው፤ አረንጓዴና ጭጋግ።

ቆላው ታዲያ ምን አለው? ሽንፋን ውሰዱ። ወንዙ ሱዳን ሲገባ ስሙን ቀይሮ ራሃድ ይባላል። መሬቱ ሰሊጥና ጥጥ ነው። ሰሊጥ ደግሞ የስክሪፕት ጸሐፊ የሚመኘው ሰዓት ቆጣሪ አለው፤ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ መኸር ሲደርስ ከደጋው የቀን ሠራተኛ በብዛት ይወርዳል፣ ሜዳ ላይ ያድራል። ካላዛር የምታስተላልፈው ትንሽ የአሸዋ ዝንብ የምትነድፈው ያን ጊዜ ነው። በሽታው ግን ወዲያው አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ ወራት ይወስዳል። ልጁ ገንዘቡን ይዞ፣ ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ፣ ደህና ሆኖ ደጋ ቤቱ ይገባል። ትኩሳቱ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ሆዱ የሚያብጠው፣ ሥጋው የሚያልቀው፣ በሽታው በማይታወቅበት መንደር። ወባ ነው ይባላል፣ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ አይለቀውም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እስኪደርስ ያመጣው ብር አልቋል። እናቲቱ ሂድ ብላ የላከችው እሷ ከሆነችስ?

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንገዱ ተገልብጧል። ሱዳን ጦርነት ሲነሳ ሰው ከገላባት ወደ መተማ ዮሐንስ በአስር ሺዎች ተሻገረ፤ በኩመርና በአውላላ ካምፖች ድንኳን ተተከለላቸው። በ1977 ሱዳን ካምፕ ውስጥ ለአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት የተጻፈው ትዕይንት አሁን በአረብኛ፣ በዚህኛው ዳር ሊጻፍ ይችላል። በዚያ ላይ አካባቢው ራሱ ሰላም የለውም፤ ስደተኛውም አስተናጋጁም ማታ የሚያዳምጡት የአንዱን ጥይት ድምፅ ነው።