ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ?

«አዲስ ወጥቷል?» «ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ?» የሙዚቃ ቤት ሻጭ ቀኑን ሙሉ ሲመልስ የሚውለው ይህንኑ ነበር። እኔም በ1980ዎቹ መጨረሻ ደሴ ፒያሳ፣ አንዲት ጠባብ ሙዚቃ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ስመልስ ኖሬአለሁ። የዚያን ጊዜ ሰው ስለ ሙዚቃ ቤት ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። የኔም ይበራል። ግን ስንናፍቅ አንድ ነገር እየዘለልን ይመስለኛል፤ አብዛኛው ሱቅ ያደረው ከመሸጥ ይልቅ በመቅዳት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሸክላ ነው። በ1940 ዓ.ም. ገደማ በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ግን በ1961 ዓ.ም. ገደማ፣ የመጣው ይምጣ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀረጸና ሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። ማንም አላስቆመውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። አሊ አብደላ ከይፋ፣ ሰው «አሊ ታንጎ» የሚለው፣ ተከተለው፤ የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ያሳተመው እሱ ነው። አብዮቱ መጣ፣ አምሃ በ1967 ዓ.ም. አሜሪካ ገባ፣ ሸክላም ከዚያ ወዲያ ብዙ አልከረመም።

ካሴት የነገሠው ከአብዮቱ በኋላ በመጣው የሰዓት እላፊ ዘመን ነው። ማታ የሚኬድበት ሲጠፋ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ማድመጥ ያዘ። መብራት የሌለው የገጠር ሰው እንኳ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ገዛ። አዲስ አበባ ላይ ታንጎ፣ አምባሰል፣ ኤሌክትራ፣ ሱፐር ሶኒክ እያሳተሙ ያከፋፍሉ ነበር፤ እኛ የክፍለ ሀገሮቹ በካርቶን አስጭነን እናመጣለን። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ፖስተሩ ከካሴቱ ቀድሞ ይደርስና ግድግዳው ላይ ቦታ እናጣለታለን። ድምፅ ማጉያው ወደ መንገድ ዞሮ ይለቀቃል። በሁዳዴ መዝሙር፣ በረመዳን የመሐመድ አወል መንዙማ፤ ሁለቱ ጾሞች የተገጣጠሙ ጊዜ ባለቤቱ ጋሼ ሰዓት ከፍሎ ያጫውት ነበር፣ ማንም አልከፋውም።

ኦሪጅናሉ ግን ውድ ነው፣ ትርፉም ሳንቲም። እንጀራችን ከጀርባ ነበር፣ ከመጋረጃው ወዲያ ከተደረደሩት ባለ ሁለት ካሴት ዴኮች። ደንበኛ ባዶ ካሴት ገዝቶ የተመረጡ ዘፈኖችን በካሬ ደብተር ወረቀት ጽፎ ይሰጠናል፤ ብዙነሽ፣ ሙሉቀን፣ ኤፍሬም፣ አስቴር። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጹ 30 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ መጨረሻ ላይ ዘፈን እንዳይቆረጥ ረጅሙን ካጭሩ ማመጣጠን የኔ ሥራ ነበር። ጠዋት ጠዋት የዴኩን ሄድ በአልኮልና በጥጥ መወልወል፣ ቴፕ የበላውን ካሴት ብሎኖቹን ፈትቶ የተጨማደደውን ክር በምላጭ ቆርጦ በስኮች መቀጠል። ኦሪጅናል ካሴት በላዩ እንዳይቀዳበት ጀርባው ላይ ያሉት ሁለቱ ጥርሶች ተሰብረው ይመጣሉ፤ ቀዳዳውን በወረቀት ውትፍ አድርጎ ሌላ መቅዳትን የማያውቅ የሰፈር ልጅ አልነበረም።

እናቶችም ድምፃቸውን ለማስቀዳት ይመጡ ነበር። ልጃቸው ጅዳ ወይ ቤይሩት የሄደች፣ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ያጡ። አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል፤ ከመጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ማይክሮፎኑን አስያዝኳቸው።

«አሁን ትሰማኛለች?»

«ደርሶ ስትከፍተው ትሰማዎታለች እማማ። ይናገሩ።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ላሟ መውለዷን፣ በላከችው ገንዘብ የቤቱ ቆርቆሮ መቀየሩን፣ የጎረቤት ልጅ መዳሯን አንድ በአንድ አወሩ። «እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን፤ አብሽሪ ልጄ» እያሉ ሳል ሲመጣባቸው በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ማሽኑን እንዳቆም ጠቀሱኝ። አቆምኩት። ስለው ሲጨርሱ፣ «ሳሌን እንዳትሰማ» አሉኝና ቀጠሉ። የተረፈውን ገጽ ማሪቱ ለገሠን ሙላበት ብለው ሄዱ። ይህን ከየትኛውም ኦሪጅናል ካሴት አላገኘሁትም።

ለዘፋኙ ግን ከኛ መጋረጃ ጀርባ የሚደርሰው ሰባራ ሳንቲም አልነበረም፣ ለአሳታሚውም። ሙዚቀኞቹ ዓመታት ጮኸው በስተመጨረሻ አዲስ ሥራ አናወጣም ብለው አደሙ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። አዋጁ የወጣው ሲዲ በየመንገዱ እየተዞረ መሸጥ በጀመረበት ሰሞን ነው። እኛ አንድ ካሴት ለመቅዳት ሙሉ ሰዓት እንፈጅ ነበር፤ ኮምፒውተር ያለው ልጅ በዚያው ሰዓት ስንቱን ሲዲ ይገለብጣል! ቀጥሎ ፍላሽና ሚሞሪ፣ ከዚያ ዩቲዩብና ቴሌግራም መጡ። ስለዚህ ዘመኑ ገደለን የሚሉ የድሮ ባልደረቦቼን ስሰማ ፈገግ እላለሁ። የገደለን የራሳችን ሙያ ነው፣ ከኛ የፈጠነ ሲያገኝ።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሻጩ የሚያውቅልህ ነገር ነበር። «እሱን ከወደድክማ ይቺን ስማት» ብሎ ያልጠየቅኸውን ይከፍትልሃል፤ ካልወደድከው ፊትህን አይቶ ያጠፋዋል። ሌላም የሚቆጨኝ አለ። የነአምሃን ሸክላ ዛሬ የውጭ ሰዎች መልሰው እያሳተሙ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተሰኙትን ሲዲዎች ማውጣት ከጀመረ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ዓለም አውቆታል፣ ደግ ነው። የክፍለ ሀገር ሙዚቃ ቤቶች ከመጋረጃ ጀርባ የቀረጹትን የአካባቢ አዝማሪና የመንዙማ ማስተር ግን የሰበሰበው አላየሁም፤ ብዙው ሌላ ተቀድቶበታል።

ጋሼ ሱቁን አልለቀቀም። ዴኮቹን ለመለዋወጫ ሸጦ ስልክ ይጠግናል፣ የስክሪን መስታወት ይለጥፋል። ትርፉ ከካሴት ይሻላል ይላል፣ ደንበኛ ግን ቁጭ ብሎ አይጫወትም።