ወደብ፣ በር፣ ኬላ

በወረታ ወደብ አለ። ከቀይ ባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በፎገራ ሜዳ ላይ። ሙሉ ስሙ «ደረቅ ወደብ» ሲሆን «ድራይ ፖርት» ከሚለው እንግሊዝኛ በቁሙ የተተረጎመ ነው። ይህችው ሀገር ግን ራሷን «ወደብ አልባ» ብላ ትጠራለች። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀመጠ ሰው ወይ እንቆቅልሽ ተናግሯል፣ ወይ የትርጉም ስሕተት ወርሷል። እኔ የኋለኛው ነው ባይ ነኝ፤ ነገሩ በሰዋስው ደረጃ ተወስኖ ቢቀር ኖሮም ይህን ባልጻፍሁ።

«ፖርት» የላቲን ልጅ ነው። ላቲኖች መርከብ የሚያርፍበትን ስፍራ «ፖርቱስ»፣ የቅጥር መግቢያን «ፖርታ»፣ መሸከምን «ፖርታሬ» ይሉ ነበር፤ ሦስቱም ዘመዳሞች ናቸው። ከሦስተኛው የተወለዱትን «ኢምፖርት»፣ «ኤክስፖርት»፣ «ትራንስፖርት» እኛም እንደ ወረዱ ተቀብለናቸዋል። ፖርቱጋል ስሟን ያገኘችው «ፖርቱስ ካሌ» ከተባለ ወደብ ነው። (በነገራችን ላይ፣ በ1541 ምጽዋ ላይ ከወረዱት ፖርቱጋሎች የተረፉት በ1543 ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው ኢማም አሕመድን የተዋጉት ከጣና በስተምሥራቅ፣ ወይና ደጋ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዞች በ1909 መርቀው የከፈቷትን ፖርት ሱዳንን ደግሞ ማንም «የሱዳን ወደብ» ብሎ አይጠራትም፤ ስሟን ሳንተረጉም ተውነው።

ላቲን በአንድ ቤት ያሳደጋቸውን ወደብንና በርን አማርኛ ለያይቶ ነው የሚያውቃቸው። ወደብ ይከራዩታል፤ የአገልግሎት ዋጋ ይከፍሉበታል። በር ግን የባለቤት ነው፤ በሰው በር የሚወጣና የሚገባ ሰው ደጅ ጠኚ ይባላል። «ላንድሎክድ» የሚለው እንግሊዝኛ በየብስ የተከበበ ማለት ነው፤ መልክዓ ምድርን ገልጦ ያቆማል። «ወደብ አልባ» ግን ማጣትን ይናገራል፤ ከ«ወላጅ አልባ» አጠገብ የሚቆም ቃል ነው። «የባሕር በር» ሲባል ደግሞ ቤቱም፣ ባለቤቱም፣ በሩን የዘጋውም በአንድ ጊዜ ይታሰባሉ።

ከ1952 እስከ 1993 ያለውን ዘመን ለብቻው እናቆየውና፣ በውል ያገኘነው ሁሉ ወደብ ነው። በ1884 አድዋ ላይ በተፈረመው የሂዌት ውል ለአፄ ዮሐንስ መሣሪያን ጨምሮ ማናቸውንም ዕቃ በምጽዋ በኩል በነጻ ማሳለፍ ተፈቀደላቸው፤ ይህም በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር። ዓመት ሳይሞላ፣ በ1885 መጀመሪያ፣ ጣሊያን ምጽዋን ያዘ። በ1928 ራስ ተፈሪ ከጣሊያን ጋር የተዋዋሉት ውል በአሰብ ነጻ ቀጣና፣ ከአሰብ ደሴ የሚደርስ መንገድም ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በሰባተኛው ዓመት ተዋዋዩ ራሱ ወረረን። ኤርትራ ነጻነቷን ባወጀችበት በ1993 የተደረገው የትራንዚት ስምምነት አሰብንና ምጽዋን ለኢትዮጵያ ዕቃ ክፍት አደረገ፤ በ1998 የተነሣው ጦርነት ዘጋቸው።

እንግዲህ ወደ ወረታው «ወደብ» እንመለስ። ሥራው ምንድን ነው? ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴነር ይራገፍበታል፣ ጉምሩክ ይፈትሽበታል፣ ቀረጥ ይከፈልበታል፣ ባለዕቃው ይረከብበታል። አባቶቻችን ለዚህ ሥራ ስም ነበራቸው፤ ኬላ ይሉታል። አካባቢው ለነገሩ እንግዳ አይደለም። ከወረታ በስተሰሜን ያለችው ይፋግ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስመ ጥር የጨው ገበያ ነበረች፤ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በትግራይ በኩል የመጣው አሞሌ እዚያ እየተራገፈ ወደ ጎጃም ይሻገር ነበር። አጎራባቿ ደሪጣ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። የሲራራ ነጋዴ በየኬላው ቀረጡን እየከፈለ ያልፋል፤ በላዩ ነጋድራስ ይሾምበታል። ዛሬም ቦታውን የሚያስመርጠው መንገድ ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው ጎዳና፣ ቻይናውያን በደርግ ዘመን ከሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ጋር የሚጋጠመው ወረታ ላይ ነው። ከወልድያ ወደ ሚሌ፣ ከሚሌ ወደ ጋላፊ፣ ከጋላፊ ወደ ጅቡቲ። ውሃ ያለበት ወደብ የፈለገማ ታንኳ የሚያርፍበት ጣና በስተምዕራብ በቅርብ አለለት!

ስሙን «የወረታ ኬላ» ብንለው ኖሮ ማንም ባልተደናገረ፤ ኬላ ያለውን ሰው ባሕር አለው የሚል የለምና። ሹማምንቶቻችን ግን ኬላ የሚለው ቃል ያረጀ የመሰላቸው ይመስለኛል፤ «ወደብ» ያዘምናል፣ ለምረቃ ሪባንም ይመቻል።

መደናገሩ ከባድ ዋጋ የሚያስከፍለው በውጭ ጉዳይ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በኦክቶበር 2023 የቀይ ባሕርን ጉዳይ በይፋ ካነሡ ወዲህ ወደብ፣ የባሕር በርና የባሕር ጠረፍ ባለቤትነት በአንድ ትንፋሽ ሲጠሩ ሰንብተዋል። ጎረቤት የሚሰማው ሦስተኛውን ነው። በጃንዋሪ 2024 ከሶማሊላንድ ጋር በተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ሰበብ ሞቃዲሾ ተቆጣች፤ በዲሴምበር 2024 የወጣው የአንካራ መግለጫ ነገሩን አበረደ። መግለጫው ለኢትዮጵያ ያሰበላት «አክሰስ» ነው፤ መድረስ መቻል ማለት ነው። በአማርኛ ሲወራ ግን አብዛኛውን ጊዜ «የባሕር በር» ሆነ።

በ1884ቱ ውል «በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር» የሚል ሐሳብ ነበረ፤ በ2024ቱ መግለጫ «በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር» የሚል አለ። የሶማሊያ ሉዓላዊነት የሚያከራክር አይደለም፤ ሐረጉ የቆመው ግን ባለበሩ ማን እንደ ሆነ ሊናገር ነው። እንግሊዝኛውን ያነበበ ሁሉ ይህን ያየዋል፤ አማርኛውን ብቻ የሰማ አላየውም።