ተራራን በመስተዋት የጻፈ ሰው

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ጽሑፍም በቀለምና በብራና ብቻ አይደለም፤ ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ራሱ ከጽርእ የመጣ ሆኖ ትርጓሜው በብርሃን መጻፍ ማለት ነውና። በብርሃን ተጽፎ ለትውልድ የተወረሰ ሀገር እንዳለ የካርልተን ዋትኪንስ ታሪክ ያስረዳል።

ዋትኪንስ በ1829 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት ተወለደ። ሕዝቡ ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርንያ በጐረፈበት ዘመን እርሱም ወደዚያ ሄዶ የፎቶግራፍን ሥራ ተማረ። በ1861 ዓ.ም. ዮሰሚቲ ወደሚባለው ሸለቆ ወጣ። በዚያ ኤል ካፒታን የተባለው ቋጥኝ ከሸለቆው ወለል 900 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፏፏቴውም በሦስት ደረጃ 739 ሜትር ይወርዳል።

የሰረገላ መንገድ ስላልነበረ ዕቃው የተጓዘው በበቅሎ ነው። በዚያን ጊዜ ትንሹን ሥዕል አጕልቶ ማተም አስቸጋሪ ስለ ነበረ ትልቅ ሥዕል የሚሻ ሰው ትልቅ መስተዋት መያዝ ነበረበት፤ የዋትኪንስ መስተዋት አንዱ ጐን 56፥ ሁለተኛው 46 ሳንቲሜትር ያህል ነበረ። ይህን መስተዋት ኮሎዲዮን የሚባል መድኃኒት ይቀባዋል፤ የብር ጨው በሟሟበት ውሃ ይነክረዋል፤ እርጥብ ሳለ በካሜራው አግብቶ ብርሃን ያሳየዋል፤ ሳይደርቅም በጨለማ ድንኳን ውስጥ ሥዕሉን ያወጣዋል። አቧራ ቢያርፍበት ድካሙ ከንቱ ነው።

በመስተዋቱ ላይ ነጩ ጥቁር፥ ጥቁሩም ነጭ ሆኖ ይታያል። በወረቀት ሲታተም ግን ብርሃኑ ወደ ብርሃንነቱ፥ ጥላውም ወደ ጥላነቱ ይመለሳል፤ ሰሙ ተገልጦ ወርቁ እንደሚታይበት ቅኔ ያለ ነው።

ሥዕሎቹ በ1862 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ለሕዝብ ታዩ። ሀገሪቱ እርስ በርስዋ በምትዋጋበት ወራት፥ በጁን 30 ቀን 1864 ዓ.ም.፥ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ሸለቆው ለሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ለዘለዓለም እንዲጠበቅ የሚያዝዘውን ሕግ ፈረመ። ሊንከን ዮሰሚቲን በእግሩ አልረገጠም። ለሕጉ የደከሙ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ፤ ሆኖም የዋትኪንስ ሥዕሎች ነገሩን እንደ ረዱ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ።

ሸለቆውን ለማስጠበቅ የረዳ ሰው የራሱን ሥራ ማስጠበቅ ተሳነው። በ1870ዎቹ ዓመታት በዕዳ ምክንያት መስተዋቶቹ በሌላ እጅ ገቡ፥ በሌላ ስምም ታተሙ። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ ወደ ዮሰሚቲ ተመልሶ እንደ ገና አነሣ። በስተርጅና ዐይኑ ፈዘዘ። በአፕሪል 18 ቀን 1906 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮን የምድር መናወጥና እሳት ባጠፋት ጊዜ በሥራ ቤቱ ያከማቸው ሁሉ ተቃጠለ። በ1910 ዓ.ም. ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገብቶ በ1916 ዓ.ም. በዚያው ዐረፈ።

ዛሬ በዮሰሚቲ አንድ ተራራ በስሙ ይጠራል። አስቀድሞ አትሞ የሸጣቸው ሥዕሎችም በየቤተ መዘክሩ ይገኛሉ። ሰብስቦ ያኖረው ጠፋ፤ ለሰው የበተነው ተረፈ።