ዶማና ጓሮ፦ ወሎ ከሁለት ክፉ ዘመን የተማረው

የካቲት ተጋምሷል፤ ደመናውም ጦሳን መሸፈን ጀምሯል። በዚህ ሰሞን ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በጓሮዬ ምን ልትከል?» መልሱን እሰጣችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ትንሽ ታሪክ ላውራችሁ። ይቺ ከቤት ኋላ ያለች ቁራሽ መሬት ለወሎ ሰው ምን እንደሆነች ከተረዳን ሥራዋን በጊዜው እንሠራለን።

በሬ ያለቀበት ዘመን

በ1880 ዓ.ም. «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገባ። ለጣሊያን ጦር ቀለብ ከውጭ በመጡ ከብቶች እንደገባ ይነገራል። በጥቂት ጊዜ ውስጥ አብዛኛው የአገሪቱ የቀንድ ከብት አለቀ። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተደረቡበት። እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የዘለቀውን ያን ጊዜ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ይሉታል።

ልብ በሉ፤ ዝናብ በጣለበት ቦታ እንኳ የሚያርስ በሬ አልነበረም። እርሻው ጦም አደረ። አፄ ምኒልክ ሕዝቡ በዶማ ቆፍሮ እንዲዘራ አዘው፣ እሳቸውም ምሳሌ ለመሆን ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ በታሪክ ተጽፏል። በዶማ የሚቆፈር መሬት ደግሞ ስንት ሊሆን ይችላል? የጓሮ ያህል ነው።

ድንችም በደጋው ሰው ዘንድ ይበልጥ የተለመደው ከዚያ ረሃብ በኋላ ነው ይባላል። ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ድንችን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ ነበር። ለብዙ ዓመት ብዙ ሰው ሳይጠጋው ቆየ፤ ችግር ሲመጣ ግን ተፈለገ። የአበሻ ጎመን ግን ጥንትም የራሳችን ነው። «ጎመን በጤና» የምንለውም በከንቱ አይደለም።

እህል እያለ ገንዘብ የጠፋበት ዘመን

ሁለተኛው ትምህርት የቅርብ ነው። የ1964 ክረምት በብዙ የወሎ ወረዳዎች ሳይሆን ቀረ። ቀጥሎ የ1965 በልግ ጭራሹን ከዳ። ሕዝቡ እየተሰደደ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ በሚወስደው መንገድ ዳር ፈሰሰ።

ታዲያ ደሴ ገበያ እህል ጠፍቶ ነበር? አልጠፋም። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አጥንተዋል። በደሴ የእህል ዋጋ ከድርቁ በፊት ከነበረው ብዙም አልራቀም ነበር። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የሚወጣ እህል ነበረ። ገበሬው የራሱ ማሳ ስለከዳው የሚበላውም የሚሸጠውም አጣ፤ እህሉ በዓይኑ ፊት እያለ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩ። በክፉ ቀን የጠፋው በሬ ነው፤ በ1965 የጠፋው ገንዘብ ነው። ጓሮ በሬ አይጠይቅም፤ ምርቱም ገበያ ሳይዞር በቀጥታ ድስት ውስጥ ይገባል። ጓሮ ብቻውን ከረሃብ አያድንም፤ ዝናብ ፈጽሞ ከቀረ እሱም ይደርቃል። ዳሩ ግን የእቃ ማጠቢያ ውሃ የሚደርሰው ለጓሮ እንጂ ለማሳ አይደለም። በበጋ የከሳው በሬ እስኪያገግም ሳንጠብቅ መጀመር የምንችለውም ጓሮውን ነው።

አሁን ምን እንሥራ?

አንደኛ፣ ዝናቡ ሳይጠና ቆፍሩ። አፈሩን ገልብጣችሁ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ ተውት።

ሁለተኛ፣ የደሴና የዙሪያዋ ደገኞች ያጎነቆለ የዘር ድንች ትከሉ። በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። አሁን የተተከለ ድንች በሦስት አራት ወር ይደርሳል፤ ይህም ጎተራው በሚሳሳበት በሰኔ ላይ ነው። ውርጭ የሚበዛበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ግን ትንሽ ዘግየት በሉ።

ሦስተኛ፣ ጎመንና ቆስጣ አንድ ሜትር ስፋት ባለው መደብ ላይ ዝሩ፤ እስኪበቅል ሣር ጎዝጉዙበት። ካሮትን ግን በቀጥታ በቦታው ዝሩት፤ ማዛወር አይወድም።

አራተኛ፣ ኮምቦልቻና ቆላ ቀመስ አካባቢ ያላችሁ የቃሪያና የበርበሬ ዘር በመጋቢት መጨረሻ መደብ ላይ ዝሩ። ከ50 እስከ 60 ቀን ቆይቶ ለክረምቱ መግቢያ ይደርስላችኋል።

አምስተኛው ዋናው ነው፤ ዘራችሁን በአንድ ቀን አትጨርሱ። በልግ ሁለት ቀን አዝንቦ ሦስት ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ግማሹን ዝሩ፣ ግማሹን ያዙ፤ ዝናቡ ሲረጋ ድገሙ። ከጎመኑም ሁለት ሦስቱን ሳትቀነጥሱ ለዘር ተዉት። በክፉው ዘመን ከሰው እጅ ቶሎ ያለቀው አንዱ ዘር ነው፤ የተራበ ሰው ዘሩንም ይበላል።

ጥያቄ ካላችሁ በየቀበሌያችሁ ያለውን የግብርና ባለሙያ አናግሩ። ዶማውን ግን ዛሬውኑ አንሱ። መልካም የበልግ ሥራ ይሁንላችሁ!