ሦስት ጉልቻ ለአንድ ሰው

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች)



ታሪክ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዘመን፣ የጦር ሜዳ ውሎና የከተሞች አመሠራረት ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ንጉሡም፣ ወታደሩም፣ የከተማውም ሕዝብ በየቀኑ ይበላ ነበርና፤ የምድጃ ታሪክ ከአገር ታሪክ አንዱ ክፍል መሆኑን መርሳት አይገባም። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ከቤተ ሰቡ ተለይቶ፣ በቀለሳት ጎጆ ወይም በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው በአገራችን ከጥንት እስከ ዛሬ ምን እየበላ፣ በማን ድካምስ እየበላ እንደ ኖረ እንመለከታለን።

አስቀድሞ ቋንቋችን ራሱ ስለዚህ ነገር የሚመሰክረውን እናስተውል። ጉልቻ ማለት ድስት የሚጣድባቸው ሦስት ድንጋዮች ናቸው። ዳሩ ግን አንድ ሰው «ሦስት ጉልቻ ጎለተ» ሲባል ትዳር ያዘ ማለት ነው እንጂ ድንጋይ ሰበሰበ ማለት አይደለም። እንግዲህ በአነጋገራችን ምድጃና ትዳር አንድ ናቸው። ብቻውን የሚኖረውን ሰው ደግሞ ላጤ፣ ወንደላጤ፣ ሴተላጤ እያልን በተለየ ስም እንጠራዋለን። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውም ምሳሌያዊ አነጋገር የተነገረው ለንፉግ ቢሆንም፣ መሶብ የሚካፈለው ሰው ያጣውን ብቸኛም ሳይነካው አያልፍም።

ይህ አመለካከት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የአገራችን የምግብ አሠራር ከሥሩ ለብዙ ሰው የታሰበ ነው። እንጀራን ለምሳሌ እንውሰድ። እህሉ ተበጥሮ ይፈጫል፤ ዱቄቱ በእርሾ ይቦካና ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቈያል፤ ከሊጡ ጥቂቱ ተቀንሶ በፈላ ውሃ አብሲት ይጣላል፤ አብሲቱም ወደ ቡሖው ተመልሶ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ከዚህ በኋላ ምጣዱ ይግላል። ምጣዱን ለማጋል የሚፈጀው ማገዶ አንድ እንጀራ ቢጋገርም ሃያ ቢጋገርም ያው ነው። እንግዲህ ብቸኛው ሰው ጥቂት ቢጋግር ማገዶው ይከስረዋል፤ ብዙ ቢጋግር ደግሞ እንጀራው ከጥቂት ቀን በኋላ ይሻግትበታል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ብሎ በሚገኘው በእንጅባራ አካባቢ ብርዱ እንጀራውን ከሻጋታ ጥቂት ቀን ቢጠብቀውም፣ ሊጡን ደግሞ ቶሎ እንዳይቦካ ያዘገየዋል። ብርዱ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላ እጁ ይወስዳል ማለት ነው።

በርበሬና ሽሮም እንዲሁ ናቸው። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተደልዞ፣ በፀሓይ ደርቆ፣ ከቅመማ ቅመም ጋር እስኪፈጭ ድረስ የብዙ ቀን ሥራ ነው። ሽሮም የሚገኘው አተሩ ወይም ሽምብራው ታምሶ፣ ተከክቶና ከቅመሙ ጋር ተፈጭቶ ነው። ባልትና የምንለው ይህ ሁሉ ሞያ የሚሠራው ለአንድ ምሳ ሳይሆን ለወራት ነው። ላጤው ግን ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት ገብቶ፣ ውሃ አፍልቶ፣ ሽሮውን በጥብጦ ሲጨምር ወጡ በሩብ ሰዓት ይደርስለታል። ሩብ ሰዓት ብቻ የፈጀው ግን የቀረውን ወራት ሌላ ሰው ስለ ደከመበት ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚኖር ሰው ድስቱን ብቻውን ይጥዳል እንጂ፣ በድስቱ ውስጥ ያለው ሥራ የብዙ ሰው ነው። ይህን ቃል ታሪክ እንዴት እንደሚያጸናው እንመልከት።

የመጀመሪያው ምስክር የቆሎ ተማሪ ነው። ጎጃም ከጥንት ጀምሮ የቅኔ አገር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ በሊቃውንቱ የተመሰገኑ ናቸው። ትምህርት ፈላጊው ልጅ ቅኔ፣ ዜማ ወይም መጻሕፍት ለመማር ከወላጆቹ ርቆ ይሄዳል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ያገኘውን ቁራሽ ለጊዜው የሚበቃውን በልቶ፣ የተረፈውን በፀሓይ ያደርቅና ድርቆሽ አድርጎ ያስቀምጣል። ክረምት በመጣና ደጅ ለደጅ መዞር ባስቸገረ ጊዜ ያንኑ በውሃ አርሶ ይበላል። የሚያድርባትን ጎጆ የሚቀልሳት ራሱ ነው፤ ውሃ የሚቀዳውም እንጨት የሚለቅመውም ራሱ ነው። ቆሎ የስሙ መጠሪያ የሆነለትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የታመሰ እህል በከረጢት ይያዛል፣ አይበላሽም፣ ሲበሉትም እሳት አይጠይቅም።

እውቁ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ. ም. በጎጃም ተወልደው በዚሁ ሥርዓት የተማሩ ሰው ናቸው። በ1958 ዓ. ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸውም ባለታሪካቸው በዛብህ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። የእነዚህን ተማሪዎች ትዕግሥት ስናደንቅ ግን አንድ ነገር አንዘንጋ። በየመንደሩ ከራሷ ልጆች መሶብ ቈርሳ ለማታውቀው የሰው ልጅ ስትሰጥ የኖረችው የባላገር ሴት ስሟ በየትም አልተጻፈም። በጎጃም የተቈጠረው ቅኔ ሁሉ እርሷ በጋገረችው እንጀራ ተደግፎ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ምስክር ዘማች ነው። በቀድሞው ዘመን የክተት ዐዋጅ ሲነገር፣ ዘማቹ ስንቁን ይዞ የሚወጣው ከየቤቱ ነበር። ስንቁም በሶ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው፤ እሳቱን ቤት ጨርሰው የሚመጡ ምግቦች ናቸው። በሶ ገብሱ ታምሶ የተፈጨ ስለ ሆነ ውሃና ጨው ብቻ ይበቃዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዐድዋ ድል ያደረገው ሠራዊት ወደ ጦር ሜዳው ሲጓዝ፣ በየሰፈሩ እህል የሚፈጩ፣ የሚጋግሩና ውሃ የሚያመላልሱ እጅግ ብዙ ሴቶች አብረውት ነበሩ። ወታደሩ በጠላት ፊት ብቻውን ቢቆምም፣ በወገቡ የታሰረው ስንቅ ብቻውን እንዳልሆነ ያሳስበው ነበር።

ወደ አዊ ምድር ስንመለስ፣ ይህ አገር ሌላውን በመመገብ የቆየ ታሪክ አለው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ. ም. ጥቅምት ወር ወደ ግሽ ዓባይ በደረሰ ጊዜ፣ የጎንደር ከተማ ከብቱን፣ ማሩንና ቅቤውን ከአገው ምድር ታገኝ እንደ ነበር ጽፏል። ገብሱም ለደጋው የተስማማ እህል ነው። በኋላ ደግሞ ከሩቅ የመጣ አንድ ምግብ ተጨመረ፤ ይኸውም ድንች ነው። የድንች የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በ1850 ዓ. ም. ገደማ ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር መሆኑ ይነገራል። ዛሬ የአዊ ደጋ በድንቹ የታወቀ ነው። ለብቸኛ ሰው ከድንች የሚስማማ ምግብ የለም ለማለት ይቻላል፤ መፍጫ፣ ማቡኪያ፣ ምጣድ አይፈልግም። አጥቦ ቀቅሎ፣ ልጦ በጨውና በአዋዜ መብላት ነው። ለአንድ ሰው አንድ፣ ለሦስት ሰው ሦስት እየተቈጠረ ሊበስል የሚችል ምግብ ነውና።

ይህ ድንች ዛሬ በብዛት የሚቀቀለው በማን ጓዳ ነው ቢባል፣ በተማሪ ጓዳ ነው። ከ1933 ዓ. ም. ነጻነት ወዲህ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ቢስፋፉም፣ ሁለተኛ ደረጃው ለረዥም ዘመን በትልልቅ ከተሞች ብቻ ተወስኖ ቆየ። ስለዚህ የባላገር ልጅ ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ ከተማ ወርዶ ቤት መከራየት ግዴታ ሆነበት። ዛሬም ቢሆን ጥርባን ከመሰሉ የአዊ ገጠሮች ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ ለትምህርት የሚሄድ ልጅ ሁለትና ሦስት ሆኖ፣ አለዚያም ለብቻው፣ አንዲት ክፍል ይከራያል። ቅዳሜ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እሑድ ደግሞ እናቱ ያዘጋጀችውን እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬና ድንች ተሸክሞ ይመለሳል። እስከ ሳምንቱ አጋማሽ እንጀራ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ የድንችና የቆሎ ተራ ይሆናል። እንግዲህ ይህ ልጅ ደብተር ይዟል እንጂ፣ አኗኗሩ ከቆሎ ተማሪው እምብዛም አልራቀም። አኩፋዳው ጆንያ ሆነ፤ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ይሰጡት የነበረው በአንዲት እናት ትከሻ ላይ ወደቀ።

አድማጮች ሆይ፤ ነገሩ ከምግብ ዐልፎ የሕይወት ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በክረምት ማብቂያ፣ አዲሱ እህል ሳይደርስ አሮጌው ጎተራ ሲራቆት፣ ስንቁ ይቀንሳል። በዚያን ጊዜ ተማሪው ትምህርቱን የሚያቋርጠው ሒሳቡ ስለ ከበደው ሳይሆን ጆንያው ስለ ቀለለው ሊሆን ይችላል። ወንድምና እኅት ባንድነት ቤት ሲከራዩ ደግሞ ሌላ ችግር ይታያል። ውሃ መቅዳቱ፣ ከሰል ማቀጣጠሉ፣ ወጥ መሥራቱና ዕቃ ማጠቡ በልማድ ለልጅቱ ይተዋል። ወንድሟ ማታ መጽሐፉን ሲገልጥ እርሷ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ እርሷ መጽሐፏን ስትገልጥ ደግሞ ድካሙና እንቅልፉ ይቀድማታል። በፈተናው ቀን ግን ሁለቱ የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው። የቀድሞው የቆሎ ተማሪ እኅቱን አስከትሎ አልሄደም፤ ስለዚህ ወንድ ሆኖ ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ነውር ሳይሆን የትምህርቱ አንድ ክፍል ነበር። ይህ የጥንት ልማድ ለዘመኑ ተማሪ ሊተላለፍ ሲገባው መዘንጋቱ ያሳዝናል።

የከተማውም ሰው ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1957 ዓ. ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያስተምሩ የአገልግሎት ሥርዓት በተጀመረ ጊዜ፣ ብዙ ወጣቶች በማያውቋቸው ትንንሽ ከተሞች የላጤ ኑሮ ጀመሩ። በየከተማው እንዲህ ላለው ደመወዝተኛ የነበረው መፍትሔ በወር ሒሳብ ምግብ ከሚሰጥ ቤት መብላት፣ ወይም ሠራተኛ መቅጠር ነበር። ከ1997 ዓ. ም. ገደማ ጀምሮ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ፣ ከነዚያ መካከል ስቱዲዮ የሚባለው ባለአንድ ክፍል ቤት ይገኝበታል። ነገር ግን መሐንዲሶቹ እንጀራ የሚጋገርበትን የጋራ ማብሰያ ቤት ለብቻው በግቢው ውስጥ መጨመር ግድ ሆነባቸው። መኖሪያውን ለአንድ ሰው ማጥበብ ተቻለ፤ ምጣዱን ግን ለአንድ ሰው ማጥበብ አልተቻለም። ዛሬ ላጤው እንጀራውን በቍጥር፣ ሽሮውንና በርበሬውን በኪሎ ከባልትና መደብር ይገዛል። ቀድሞ በእናት እጅ በነጻ ይሠራ የነበረው ሥራ ዋጋው የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህ ዕጣ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በጥንታዊቱ ሮማ በፎቅ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ድኻ አብዛኛውን ጊዜ ማድቤት ስላልነበረው፣ ትኩስ ምግቡን ከመንገድ ዳር ሻጭ ይገዛ ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ79 ዓ. ም. በእሳተ ገሞራ ዐመድ በተቀበረችው በፖምፔ ከተማ እነዚያ መሸጫዎች የምግብ ማሰሮዎቹ እንደ ተተከሉባቸው ተገኝተዋል። ከተማ ባለበት ሁሉ ብቸኛ ሰው አለ፤ ብቸኛ ሰው ባለበት ሁሉ ደግሞ ስለ እርሱ የሚያበስል ሌላ ሰው አለ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ልጃችንን ወደ ከተማ ትምህርት ቤት ስንልክ የደብተሩንና የቤት ኪራዩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የዱቄቱን፣ የማገዶውንና የእናቱን ድካም አብረን እንቍጠር፤ ያልተቈጠረ ወጪ ባልታሰበ ቀን ትምህርቱን ያስቋርጣልና። በክረምት ማብቂያ የሚሳሳውን ስንቅ በበጋ የሚያስብ ወላጅ ልጁን ከመንገድ አያስቀረውም። ሁለተኛው፣ ወንዱም ሴቷም ልጅ ከቤት ሳይወጡ በፊት ሽሮ መበጥበጥን፣ ድንች መቀቀልንና ዕቃ ማጠብን እኩል ይማሩ። ወንድሟ ድስቱን የጣደላት ቀን የልጅቱ የጥናት ጊዜ ያን ያህል ይረዝማልና። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል፤ ድስቱን ለመጣድ የሚነሣው ሰው ቢለዋወጥ ግን የአንዲት ልጅ ዕድል ሊለወጥ ይችላል።