ሕመምተኛው ከሞተ በኋላ ምስጢሩ የማን ነው?

አንባቢ ሆይ፤ በቢሮህ መሳቢያ የሰው ጉዳይ ተቈልፎበት ይኖራል። ባለጉዳዩ የሞተ እንደ ሆነ ቁልፉ የማን ነው? የዛሬው ንግግራችን በ1966 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በእንግሊዝ አገር ስለ ተነሣ አንድ ክርክር ነው።

ሎርድ ሞራን ከ1940 ጀምሮ የሰር ዊንስተን ቸርችል ሐኪም ነበሩ። የሐኪሞችንም ንጉሣዊ ኮሌጅ ከ1941 እስከ 1950 በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ የሙያውን ሕግ አያውቁም የሚባሉ ሰው አልነበሩም። ቸርችል በጥር 1965 ዐረፉ። በማግሥቱ ዓመት ሐኪሙ የታላቁን ሰው ሕመም፣ ትካዜና እርጅና የሚዘረዝር ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። ቤተ ሰቡ ተቈጣ፤ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔትም ወቀሳቸው። የመጽሔቱ ወቀሳ ነገሩ ሐሰት ነው በማለት ሳይሆን እምነት ፈርሷል በማለት ነበር። ሐኪሙን የሚፈራ በሽተኛ ሕመሙን ይደብቃልና።

ሞራን ግን የቸርችል የመጨረሻው ዘመን ያለ ጤናቸው ታሪክ ሊታወቅ አይችልም ሲሉ ተከራከሩ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በሰኔ 1953 ቸርችል ለኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር ባደረጉት የራት ግብዣ ላይ የአንጎላቸው የደም ዝውውር ታወከ። ሐኪሞቹ ይህንኑ በመግለጫ ጻፉ፤ ሹማምንቱ ግን ቃሉን ሰርዘው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል የሚል ብቻ አስቀሩ። መግለጫው በሞራንና በባልንጀራቸው ፊርማ ወጣ፤ የጋዜጣ ባለቤቶችም ዝም አሉ። ቸርችል እስከ ሚያዝያ 1955 ድረስ በሥልጣን ቈዩ።

እኔ እንደሚመስለኝ ሕዝቡ የመሪውን ጤና ለማወቅ መብት ነበረው ቢባል፣ መብቱ የነበረው በ1953 ነው። ሰውየው በሥልጣን ሳሉ የተሸፋፈነ መግለጫ ፈርሞ፣ ከሞቱ በኋላ የመኝታ ቤታቸውን በር መክፈት ግን ዘግይቶ የመጣ እውነተኛነት ነው። (ምንም እንኳ እኛ ታሪክ ወዳዶች መጽሐፉን በጉጉት ብናነበውም!)

በ1968 ከቸርችል ጋር በቅርብ የሠሩ ጸሐፊዎችና ሹማምንት፣ ሐኪሙ የሣሉት ሰው እነርሱ የሚያውቁት ሰው አለመሆኑን በአንድ መጽሐፍ ተባብረው መሰከሩ። በዚያው ዓመት የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሲድኒ ተሰብስቦ ነበር። በ1948 በጄኔቭ የወጣው የሐኪሞች ቃል ኪዳን የሕመምተኛን ምስጢር መጠበቅን ያዝዝ ነበርና፣ ጉባኤው በዚያ ላይ ጥቂት ቃላት ጨመረበት፤ ይኸውም «ሕመምተኛው ከሞተ በኋላ እንኳ» የሚል ነው።